ከዳባት የጫንኩት ባቄላ

ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ሲበርድ፣ ልቤ ሲረጋ እጽፈዋለሁ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልበረደም። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሌ ቢከርባችሁ ታገሡኝ። ሰውዬውን ብታውቁት ኖሮ እናንተም ትከርሩ ነበር።

ስሜ ኑረዲን ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ኑሩ ይለኛል። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። አባቴም አያቴም ነጋዴዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ደንበኛ መጠበቅ አልሆንልኝ ብሎ መሪ ጨበጥኩ። መኪናዋ የራሴ ናት። ከደባርቅ እስከ አይከል፣ ከዳባት እስከ ቆላ ድባ ያልጫንኩት እህል የለም። ባለ መጋዘን ይጠራኛል፣ እጭናለሁ፣ አደርሳለሁ። ምን እንደጫንኩ ደግሞ ሁልጊዜ አውቅ ነበር፤ ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በኛ መንገድ ላይ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለ። ደጋው ላይ ዝናብ የያዘውን ሰው አይተህ አታልፍም። ትራፊክ ፖሊስ «ጭነት ላይ ሰው አይሳፈርም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን የወገራ ሜዳ ላይ በሐምሌ በረዶ ሲወርድ፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ እጁን ሲያነሣልህ ነድተህ ብታልፍ፣ ማታ ቤትህ ገብተህ እህል አይወርድልህም። በተለይ መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ዕለት፣ ሚኒባስ ሁሉ ሲጠፋ፣ የሕዝቡ ተስፋ የጭነት መኪና ብቻ ነው።

ያን ቀንም እንደዚያ ነበር። መንገዱ ሰንብቶ ሲከፈት፣ ጥራጥሬ ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ድርጅት ደወለልኝ። ስሙን አልጠራም። ዳባት ላይ ከገበሬ የሚሰበስብበት መጋዘን አለው፤ አዘዞ ላይ ደግሞ አበጥሮና አሽጎ ወደ ወደብ የሚልክበት ሌላ መጋዘን። ዳባት ያለው ባቄላ በመንገዱ መዘጋት ከርሞበታልና ቶሎ አምጣልን አሉኝ። እኔም ገሠገሥኩ።

ዳባት ስደርስ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሻው የሚባል ልጅ ወዛደሮቹን አሰልፎ ጠበቀኝ። ጋሻውን ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ፤ ቀልድና ጫወታ የሚወድ ልጅ ነበር። ያን ቀን ግን አፉን ይዞ ነበር። ኬሻዎቹ ተጭነው ሲያልቁ እኔን «ሂድ ሻይ ጠጣ» ብሎ ሰደደኝ። ስመለስ ሁለት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ጠምጥመው ከጭነቱ ላይ ሲወርዱ አየሁ። የባቄላ አቧራ ነው ብዬ ምንም አላልኩም። ሸራውን ጋሻው ራሱ ዞሮ ዞሮ አሰረው። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«እስከ አዘዞ ሸራውን እንዳትነካው» አለኝ።

«ምነው?»

«ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዙስ ምነው?»

«ኑሩ፣ እኔ ምን አውቄ? እንዳይከፈት ተብሏል፣ እንዳይከፈት።» ዓይኔን ሳያይ ወደ መጋዘኑ ገባ።

ምን መሰለኝ መሰላችሁ? ሌባ ያደረጉኝ መሰለኝ። መንገድ ላይ ኬሻ እየቀደዱ ባቄላ የሚቀንሱ ሾፌሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የጫንኩትን ሳላጎድል ስንት ዘመን የኖርኩ ሰውዬ ዛሬ እንዲህ ልባል ብዬ ደሜ ፈላ። ሌላ ምን ላስብ? ነገሩን የሸሸገ ሰው የሚሸሸግበትን ሰው ሐሳብ አይመርጥለትም።

ጋቢናው ዳባት ላይ ሞላ። አንዲት አራስ ሕፃኗ ታሞባት ከእናቷ ጋር ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ትሄድ ነበርና እነሱን አሳፈርኩ። ከከተማው ወጣ እንዳልን፣ ዝናቡ ሊጥል ሲያንዣብብ፣ መንገድ ዳር በግ የያዘ ሽማግሌ እጁን አነሣ። ሳየው ሣቄ መጣ፤ አያ ታከለ ነበሩ።

አያ ታከለን አስተዋውቃችሁ። የወገራ ገበሬ ናቸው፤ ነጭ ሽንኩርት ያመርታሉ። የሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ሽንኩርት ወደ ጎንደር የማወርደው እኔ ነኝ። አፋቸው አያርፍም። እኔን ሲያገኙ እንደ እስላም በአላህ ይምላሉ፤ እኔ ደግሞ በሳቸው ታቦት እምልላቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስቅብናል።

«አላህ ነው ያመጣህ!» አሉኝ ገና በሩን ስከፍት።

«ምነው አያ፣ በዚህ ዝናብ በግ ይዘው ወዴት ነው?»

«የብርቱካን ልጅ ነገ ክርስትና ይነሣል። ከጧት ጀምሬ ማኪና ብጠብቅ ብጠብቅ ወፍ የለም። አያቱ ሳልደርስ ሊያነሡት ነው እንዴ ብዬ ልቤ ሊወጣ ነው።»

ብርቱካን ልጃቸው ናት፤ ፀዳ ነው የምትኖረው። ሴት ልጅ እሷን ብቻ ነው ያላቸው፤ የልጅ ልጅም ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ጋቢናው ሞልቷል አያ፤ አራስ አለች።»

«አራስማ ትሙቅ! እኔ ከላይ ከበጉ ጋራ እሆናለሁ። ሁለታችንም ጠጉራም ነን፤ እንሟሟቃለን።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ነገ ትመጣለህ፤ ትሰማለህ? ሥጋው የኛ ነው፤ አንተ ሽሮ ትበላለህ።»

«ሽሮ ከሆነማ ቤቴም አለኝ።»

«የብርቱካን ሽሮ ከሥጋ ይበልጣል፣ ዝም ብለህ ና!»

ከኋላ በኩል ሄድኩና የጋሻውን ቋጠሮ ፈታሁ። «እንዳትነካው» ያለኝ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ትዝ ብሎኝ፣ ተናድጄ ነው የፈታሁት። ሌባ አይደለሁም፤ ሽማግሌ ለማስጠለል ሸራዬን ለመፍታት ፈቃድ አያስፈልገኝም አልኩ በሆዴ። ከኋላ ባሉት ኬሻዎች መካከል ሰው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ነበር። እሳቸው ገቡ፣ በጉንም አሳልፌ ሰጠኋቸው። በረዶው መውረድ ሲጀምር ሸራውን መልሼ አጥብቄ አሰርኩት። እንዳይበርዳቸው ብዬ።

ሳስር ከውስጥ ድምፃቸው መጣ። «ኑሩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጭነህ ነበር እንዴ? ይሸታል።»

«ባለፈው የወሰድኩት የናንተው ነው አያ!»

«ሸጋ ነው! የቤቴ ሽታ ነው፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሽንኩርት የጫነ መኪና ብታጥበውም ሽታው ለቀናት አይለቀውም፤ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚያ ነው ሁለታችንም ያልጠረጠርነው። ሌላ አገር ቢሆን፣ ሌላ ሽማግሌ ቢሆን፣ «ይሄ ባቄላ ምነው ሽንኩርት ሽንኩርት አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን የምናውቀው ሽታ ነበርና ዝም አልን።

አምባ ጊዮርጊስ ኬላው ላይ ሲያስቆሙን ወርጄ የሸራውን ጫፍ ገለጥኩ። «አያ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፤ ራሴን ትንሽ ይዞኛል። እህል ሳልቀምስ ነው የወጣሁት።»

ከመንገድ ዳር ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት እንጂ አልገመጡትም። በጉ አንገቱን ኬሻው ላይ ጥሎ ነበር። ልብ አላልኩትም፤ ፈታሾቹ «ሂድ ሂድ» እያሉኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ያስተዋልኩት በጆሮዬ ነው። ከዳባት ጀምሮ በጉ ሲጮህ እሰማው ነበር፤ አራሷ እንኳ «ይሄ በግ ሕፃኑን ቀሰቀሰብኝ» ብላ ነበር። ኮሶዬ ስንቃረብ ጩኸቱ ቆሟል። ለካ ከቆመ ቆይቷል። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ሸራውን ስገልጠው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሽንኩርት ነው፣ ግን የበሰበሰ ዓሣ የተቀላቀለበት ሽንኩርት። ራሴ ዞረ። በጉ አፉ ላይ አረፋ ደፍቆ ሞቷል። አያ ታከለ ተጠቅልለው፣ ልብሳቸው ላይ አስመልሰው፣ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ኑሩ ልጄ» አሉኝ። «ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጫነኝ።»

እንዴት እንዳወረድኳቸው አላውቅም። የአራሷ እናት ወርደው እግራቸውን ያዙልኝ። ጋቢና ውስጥ አስገብተን፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ ሴትዮዋ የአያ ታከለን ጭንቅላት በገዛ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወረድን። የኮሶዬን ጠመዝማዛ እንደዚያ ነድቼው አላውቅም። እሳቸው ግን መሐል መሐል ይነቁና «በጉስ?» ይላሉ።

«ተኝቷል አያ።»

«እንዳይጠፋ። ብርቱካን ባዶ እጁን መጣ እንዳትል።»

ጎንደር ሐኪም ቤት የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት፤ ግን እጇ ፈጣን ነው። ኦክስጅን ሰጠቻቸው፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጠፈች። ወዲያው ወደኔ ዞራ «ምን ነክተዋል? ምን ጭነህ ነበር?» አለችኝ።

«ባቄላ።»

«ባቄላ ሰው እንዲህ አያደርግም። ምን ነበረበት?»

አላውቅም አልኳት። ያን ጊዜ የተናገረችውን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ወንድሜ፣ የሚረጭ ፀረ ተባይ ከሆነ ማርከሻ መርፌ አለኝ። ሌላ ነገር ከሆነ ግን ያው መርፌ ልባቸውን ጭራሽ ያስሮጠዋል። ልባቸው አሁንም አልረጋም። ምን እንደሆነ ዕወቅልኝ፤ ቶሎ።»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሆኜ አዘዞ ላለው ኃላፊ ደወልኩ። አቶ ይበልጣል ይባላል፤ ጭነት የሚያዘኝ እሱ ነው። ስልኩን እንዳነሣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ የጠየቀኝን ስሙ፤

«ደረስክ? ሸራውን አልከፈትከውም አይደል?»

«አቶ ይበልጣል፣ ያሳፈርኩት ሰው ታሞብኛል፤ ሐኪም ቤት ነኝ። ባቄላው ላይ ምን አድርጋችኋል?»

«ማን ሰው አሳፍር አለህ?» አለኝ።

«ለሱ እኔን ይቅጡኝ። ሐኪሟ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት።»

«ንጹሕ ባቄላ ነው የጫንከው።»

«በጉ እኮ ሞተ፣ አቶ ይበልጣል! ንጹሕ ባቄላ በግ ይገድላል?»

«የድርጅቱን ጉዳይ በስልክ አላወራም» ብሎ ዘጋው። ደግሜ ብደውል አላነሣም። ጋሻው ጋ ደወልኩ፤ የሱም ስልክ ጠፍቷል።

ለብርቱካን ደውዬ አባቷ ጋ እንድትመጣ ነገርኳትና መኪናዬን አስነሥቼ ወደ አዘዞ በረርኩ። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ከኋላዬ የሞተ በግ ጭኜ።

እዚያ ያየሁት ነው ዕድሜ ልኬን የማይለቀኝ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ዘበኛው እንደ ወትሮው ወደ መኪናዋ አልመጣም። ከሩቅ ቆሞ በእጁ «ወደ ሜዳው፣ ወደ ሜዳው» አለኝ። ግቢው መጨረሻ ላይ ለብቻው ባዶ ሜዳ አዘጋጅተውልኛል። ወዛደሮቹ ጓንት አጥልቀዋል፤ ሁሉም አፍና አፍንጫቸው ላይ ወፍራም ጭምብል አድርገዋል፤ ነፋሱ ከሚነፍስበት በኩል ተሰብስበው ቆመዋል። አንዱ «ሸራውን ገፍፈህ ቶሎ ወደዚህ ና፤ እዚያ አትቁም! እስከ ነገ መናፈስ አለበት» ብሎ ጮኸብኝ።

መሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያውቃሉ። ዳባት ያሉት ያውቃሉ፤ ሻሻቸውን ጠምጥመው ነው የወረዱት። አዘዞ ያሉት ያውቃሉ፤ ጭምብላቸውን አድርገው ነው የጠበቁኝ። የጫነውም የሚያወርደውም ተነግሮታል። ያልተነገረው በመካከል የሚነዳው ብቻ ነው። እኔ ለነሱ ሰው አልነበርኩም፤ የመኪናዋ አንድ ዕቃ ነበርኩ።

አቶ ይበልጣል ከቢሮው ወጣ። «ኑሩ፣ ረጋ በል» አለኝ፤ ገና ምንም ሳልናገር።

«ምንድን ነው ያደረጋችሁበት?»

«ግባና ቢሮ እንነጋገር።»

«እዚሁ ንገረኝ!» አልኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ እለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዬው አላውቅም።

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባቄላው መንገድ ተዘግቶ ከርሞ ነቀዝ ገባበት። በጉዞ ላይ በጋዙ ነቀዙን እንዲገድል ክኒን አስገባንበት። ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው።»

«ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ እኮ ዛሬ የኛን ትጭናለህ፤ ነገ የሌላውን። ለሾፌር የተነገረ ነገር ሲመሽ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ነቅዟል ከተባለ ገዢው ሊመልሰው ነው። ንግድ ነው ኑሩ፤ የነጋዴ ልጅ ነህ፣ ይገባሃል።»

«የነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ነው የማይገባኝ! አባቴ የነቀዘ ሽንብራውን ነቅዟል ብሎ ነበር የሚሸጠው። አሁን ለሐኪሟ ደውልና ክኒኑ ምን እንደሆነ ንገራት።»

«እሱን ዋናው ቢሮ ሳይፈቅድ አልችልም። ነገ እሑድ ነው፤ ሰኞ…»

ሰኞ አለኝ! ሰውዬው ሐኪም ቤት ተኝቶ ልቡ እየተንቀጠቀጠ፣ ይሄ ሰኞ ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄን ላነሣበት ነበር። ነገር ግን ብመታው ምን ይፈራል? የሚፈራው ምን እንደሆነ አሁን ራሱ ነግሮኛል። ስልኬን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። ጭምብል ያደረጉትን ወዛደሮች፣ ለብቻዋ የቆመችውን መኪናዬን፣ በሩ ላይ የተጻፈውን የድርጅቱን ስም፣ የሞተውን በግ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ገዢዎቻችሁ ይዩት። በነጋ ጊዜ ወደብ ይደርሳል፤ ከባቄላው ቀድሞ።»

ፊቱ ተለወጠ። ስለ አያ ታከለ ስነግረው ያልተለወጠው ፊት ነው የተለወጠው። «ደውል፣ ደውል» አለ። ደወልኩና ስልኩን አፉ ላይ ያዝኩለት። የክኒኑን ስም ነገራት፤ ስንት እንደገባም፣ የት የት እንዳስቀመጡትም ሳይቀር ነገራት። ሁሉንም በቃሉ ያውቀው ነበር። ዶክተሯ «ገባኝ» አለች፤ ዘጋችው።

መኪናዬን እዚያው ጥዬ በባጃጅ ተመለስኩ። ብርቱካን አልጋው ሥር ተቀምጣ የአባቷን እግር ታሻለች፤ ሊጥ የነካ እጇን እንኳ አልታጠበችም። ዶክተሯ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«መርፌውን አልሰጠሁም፤ እንኳን ነገርከኝ» አለች። «ግን ለዚህኛው ማርከሻ የለውም። ኦክስጅን ነው፣ ልባቸውን መጠበቅ ነው፣ ጸሎት ነው። ለዚህ ነገር መድኃኒቱ ቀድሞ ማወቅና አለመቅረብ ነው።» ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አልሸተታችሁም?»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ላይ ትንሽ ሻል ያላቸው መሰለና አጠገባቸው እንድሆን ፈቀዱልኝ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሌላው ሁሉ ደብቋቸዋል፣ እኔም ብደብቃቸው ከነዚያ በምን እሻላለሁ ብዬ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፋቸው ገለጥ አድርገው፣

«ታዲያ ያ ሽንኩርት አልነበረም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልነበረም አያ።»

«አይ ኑሩ። እኔ ታከለ… ሽንኩርት ልስት?» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

በማግስቱ እሑድ ጧት፣ ሕፃኑ ክርስትና ሊነሣ በታሰበበት ሰዓት፣ ልባቸው ቆመ። ብርቱካን ዕንባ አልወጣትም፤ ግድግዳውን እያየች ቀረች። እኔ ነኝ እንደ ሴት፣ እንደ ሕፃን የጮህኩት። አስከሬኑን ወደ ወገራ የወሰድኩትም እኔ ነኝ፤ በሰው መኪና፣ የኔዋን መንካት ስላልቻልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው «ሰው ባታሳፍር ኖሮ» ብሎኛል። «ሸራውን አትክፈት ተብለህ ከፍተህ» ያለኝም አለ። በፊት በፊት አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን አልደፋም። አትክፈት ማለት ሌላ ነው፤ ብትከፍተው ሰው ይሞታል ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ጌታ ለማንም አሽከር ይለዋል። ሁለተኛውን የሚናገረው ሰውን ሰው ነው ብሎ የሚያይ ነው። ጋሻው አንዲት ቃል ቢተነፍስልኝ፣ «ኑሩ፣ መርዝ አለበት» ቢለኝ፣ የአራሷን ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬም ቢሆን አያ ታከለን ጋቢና አስገባቸው ነበር። በጉንም ለሌላ ቀን እንተወው ነበር። ያቺ ቃል ዋጋዋ ስንት ነበር? ድርጅቱን ምን ታከስረው ነበር?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መጋዘን ያላችሁ፣ ዕቃ የምትልኩ፣ የምትቀበሉ፤ ለናንተ ነው የምናገረው። የዋጋችሁን ምስጢር ያዙት፤ የገዢያችሁን ስም ያዙት፤ እሱ ንግድ ነው፣ አይገደኝም። የሚገድለውን ነገር ግን ምስጢር አትበሉት። ዕቃችሁን የሚነካ እጅ ሁሉ፣ ከገበሬው ጀምሮ ወደብ ላይ እስከሚያወርደው ድረስ፣ ምን እንደሚነካ የማወቅ መብት አለው። ካልነገራችሁት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በገዛ ልምዱ ይተረጉመዋል። እኔ ስድብ አድርጌ ተረጎምኩት፤ አያ ታከለ ሽንኩርት አድርገው። ሾፌሮች ወንድሞቼም፣ «ምን ጭኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልነገሯችሁ አትጫኑ። እኔ እንደሱ በማለቴ ብዙ ደንበኛ ርቆኛል። ይራቀኝ።

ልጨርስ። ከአርባው በኋላ ድርጅቱ ሽማግሌዎች ልኮ ፀዳ፣ ብርቱካን ቤት ተሰበሰብን። አቶ ይበልጣል ነጠላውን አደግድጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ካሳ እንደሚከፈል ተናገሩ፤ ከዚያ ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ነገሩ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ነው የተባለው» አሉ።

ብርቱካን ልጇን ታቅፋ ነበር። ቀና ብላ አቶ ይበልጣልን አየችው። «ገንዘቡን አልፈልግም» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አሁን፣ በዚች ሰዓት፣ አባቴን እንደ ገደለው ያለ ጭነት መንገድ ላይ አለዎት?»

አቶ ይበልጣል ነጠላውን አስተካከለ።

«አለዎት ወይ?»

«አለ» አለ በመጨረሻ። «አንድ መኪና ከደባርቅ ተነሥቷል።»

እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፤ ሽማግሌዎቹ ያዙኝ። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም። «ሾፌሩ ያውቃል?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አያውቅም።

«ይደውሉለት። እዚሁ፣ ሁላችን እየሰማን።»

ሽማግሌዎቹን አየ፣ በሩን አየ፣ ስልኩን አወጣ። ድምፁን ከፍ እንዲያደርገው ነገረችው፤ አደረገው። ብዙ ጠራና ተነሣ። የሞተር ጩኸትና የዝናብ ድምፅ ይሰማል።

«ስማ» አለ አቶ ይበልጣል፤ ምራቁን ዋጠ። «የጫንከው… ነቀዝ ስለነበረው የነቀዝ ክኒን አለበት። መርዝ ነው። ከሸራው ሥር ሰው እንዳይገባ።»

ከዚያ ወገን ፍሬን ሲያዝ፣ በር ሲከፈት ሰማን።

«ቆይ ጋሼ፣ ቆይ» አለ ሾፌሩ እያለከለከ። «ሦስት ሰዎች አሉ ላይ፤ ላውርዳቸው።»